ከፍ ላለች ሃርድቶፕ ጎማ መምረጥ

ጎሚስታው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አጥፎ ከመኪናዋ ወረደና ጣቱን ለሙከራ በገጠመው ትልቅ ጎማና በፓራፋንጎው መካከል ሰደደ። አንድ ጣት ገባ፤ ሁለተኛው አልገባም። «ጋሼ፣ ደረቅ መንገድ ላይ አይነካም» አለኝ፤ «ጭቃ ሲይዝ ግን ይፍቃል።» ሃርድቶፗን ሊፍት ካስደረግኳት ገና አንድ ወሯ ነበር። አዲስ ሞላና አዲስ ባሌስትራ ገብቶላት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላለች። ከፓራፋንጎው ሥር የተከፈተውን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር ሥራው ግማሽ ላይ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የጎሚስታውን ማስጠንቀቂያ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩና ትልልቆቹን ጎማዎች አስገጠምኩ።

ሃርድቶፕ ስል ረጅሟን 78ንና ባለ አራት በሯን 76ን ነው። ሁለቱም ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጀመረው የላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ናቸው። እኛ አገር ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት 4.2 ሊትር በሆነ፣ ቱርቦ በሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ነው። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እስከ እርዳታ ድርጅት ግቢ፣ ቱሪስት ወደ ኦሞና ወደ ዳናኪል እስከሚያመላልሰው ሾፌር ድረስ የማያውቃት የለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን አክብሮ መያዝ ግድ ሆኗል። የጎማ ምርጫ ከዚህ እንክብካቤ አንዱ ነው፤ እኔ ግን እንደ ጌጥ ነበር ያየሁት።

መጀመሪያ መጥራት ያለበት ነገር ሊፍት ምኑን እንደሚያነሳ ነው። ሞላና ባሌስትራ ያሉት በአክስሉና በሻንሲው መካከል ነው። እነሱ ሲረዝሙ ሻንሲው፣ ሰልባትዮው፣ ወንበሩና እኛ ወደ ላይ እንወጣለን። አክስሉ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ መሃሉ ላይ የተንጠለጠለው የዲፈረንሻል ጉብታም እንዲሁ። መንገድ መሃል የቆመ ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው ያንኑ ጉብታ ነው። ሊፍት ያስደረገ ሰው «ከእንግዲህ ድንጋይ አይነካኝም» ሲል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሃርድቶፕን በመሰለች፣ ፊቷም ኋላዋም ባለ ድፍን አክስል በሆነች መኪና ላይ ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደሚያርቀው ለማወቅ የጎማውን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል። የድሮውን ጎማዬን፣ 265/70 አር 16 የሚለውን እንውሰድ። 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት የወርዱን 70 በመቶ ያህል መሆኑን ይናገራል፤ 185.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ሲሆን በሚሊ ሜትር 406 ይሆናል። የጎኑን ቁመት ከላይም ከታችም ስንደምርበት ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 77.7 ሳንቲ ሜትር ይቆማል። እኔ የገዛሁት 285/75 ደግሞ በዚሁ ስሌት 83.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 5.6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም አክስሉ የሚቀመጠው ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ ለዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ለ2.8 ሳንቲ ሜትር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ብዙ ሃርድቶፖች ወደ አገር ሲገቡ የነበራቸው ጎማ 7.50 አር 16 የሚባለው ቀጭኑ፣ ባለ ካላማዳሪው ነው። 7.50 ወርዱ በኢንች ሲሆን 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሲያዩት የጭነት መኪና ጎማ ስለሚመስል ሰው ቶሎ አውልቆ ሰፊ 265/70 ያስገባል፤ መኪናዋም ደረቷን የነፋች ትመስላለች። ያ ቀጭን ጎማ ግን ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰፊው የቀየረ ሰው ዲፈረንሻሉን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ድንጋዩ አውርዶታል። ወርድና ቁመት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እኔም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የ2.8 ሳንቲ ሜትሩን እውነተኛ ዋጋ ያወቅኩት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በድሮው ጎማ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ ይይዛት ነበር፤ እግሬ ፍሬኑን የሚፈልገው ጥምዝ ላይ ብቻ ነው። በአዲሱ ግን ሦስተኛ ላይ ሆና ታመልጠኝ ጀመር። ድልድዩ ጋ ስደርስ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናዋን ሞልቷት ነበር። ወደ ደጀን ስወጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፦ በሦስተኛ ስወጣው የኖርኩትን ዳገት ሁለተኛ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን መኪና በመስታወት እያየሁ ጨረስኩት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 265/70 አንድ ዙር ሲዞር 2.44 ሜትር ይሄዳል፤ 285/75 ደግሞ 2.62 ሜትር። በሁሉም ማርሽ ላይ ሳይጠየቅ 7 በመቶ የረዘመ እርምጃ ተጨምሯል። ለዚያው የሞተር ጉልበት ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የሚይዝበት ኃይልም፣ ፍሬኑ የሚያቆምበት ኃይልም እንዲሁ። ላይ አገር ደግሞ ሞተሩ አስቀድሞም ተጎድቷል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላ ቱርቦ የለም። ጉልበቱ የተቀነሰበትን ሞተር ነው እንደገና 7 በመቶ የምንቀንሰው። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ዳገትና ቁልቁለት ለማይለቀው ሾፌር ግን የዕለት ጉዳይ ነው።

የፍጥነት መለኪያውም ይዋሻል። 80 ሲያሳይ መኪናዋ በስሌቱ 86 ገደማ እየሄደች ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ያጎድላል፤ ዘይት በ5,000 እቀይራለሁ የሚል ሰው የሚቀይረው በ5,360 ገደማ ላይ ነው። «ጎማ ከቀየርኩ ወዲህ ናፍታ ትጠጣለች» የሚለው ስሞታ በከፊል ከዚህ ይመጣል። በቆጣሪው በመቶ ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የፈጀች መኪና እውነተኛው መንገዷ 107 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ፍጆታዋ 13 ሊትር ነው። የቀረው ስሞታ እውነት ነው፤ ከባድ ጎማ ለማዞርም ጉልበት ይጠይቃል።

ጎሚስታው የነገረኝ የደረሰው በክረምት፣ በቾ ሜዳ ላይ ነው። የበቾ መሬት መረሬ ነው፤ ሲዘንብበት ጎማ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይረግፍም። መቶ ሜትር ሳልሄድ ያቺ አንድ ጣት ያህል ክፍተት በጭቃ ተደፈነች። ጭቃው ጎማውንና ፓራፋንጎውን አያይዞ እንደ ፍሬን ያዛት። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሆኜ በእንጨት ስፍቅ፣ አንድ የ7.50 ጎማ ያላት አሮጌ ሃርድቶፕ ቀስ ብላ በአጠገቤ አለፈች። ቀጭኑ ጎማ የላዩን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፤ ዙሪያውንም ጭቃው የሚወድቅበት ቦታ አለው። ሰፊው ጎማ የሚያሸንፈው አሸዋ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ከወርዱ ይልቅ ዋናውን ሥራ የሚሠራው አየር ማስተንፈስ ነው፤ አየሩ ሲቀንስ ጎማው ተኝቶ የሚረግጠው ቦታ ይረዝማል። ዳናኪል የሚመላለሱ ሾፌሮች አሸዋው ከመድረሱ በፊት ወርደው አየር የሚያወጡት፣ ሲጨርሱ በኮምፕሬሰር የሚመልሱት ለዚህ ነው።

በመጨረሻ 285/75ን ሸጬ 235/85 አስገባሁ። ቁመቱ 80.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቀጭኑ 7.50 ጋር እኩል፣ ከ265/70 ደግሞ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ብልጫ አለው። ለዲፈረንሻሉ 1.4 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ከማርሹ ላይ የሚወስደው ደግሞ 3.7 በመቶ ብቻ ነው። ዓባይን እንደገና በሦስተኛ ወረድኩ። ቸርኬ ላይም አይመርጥም፤ ከ6 እስከ 7.5 ኢንች ወርድ ባለው ላይ ይቀመጣል። 285/75 ግን ከ7.5 እስከ 9 ይፈልጋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ የተጫነ ሰፊ ጎማ መሃሉ አብጦ ዳሩ ከመሬት ይሸሻል፤ ቶሎም ያልቃል። በእኔ እምነት ጠንካራ ሥራ ለምትሠራ ሃርድቶፕ ወደ ላይ አንድ ደረጃ ይበቃል፤ ያም ደረጃ በቁመት እንጂ በወርድ አይሁን።

መጠኑ ከተወሰነ በኋላ ሱቅ ውስጥ ሁለት ነገር ጎንበስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አንዱ የጭነት ቁጥሩ ነው። 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፤ 120 የሚል ደግሞ 1,400። ስምንት ሰው፣ ጀሪካንና የጣራ ጭነት ለምታነሳ መኪና በመካከላቸው ያለው 280 ኪሎ ቀላል አይደለም። ሌላው የተሠራበት ቀን ነው፦ በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ ያሉ አራት አኃዞች። 3518 ካለ እ.ኤ.አ. በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አንድ ሱቅ ጥቁር ቀለም እያበራ «ትናንት የገባ» ያለኝ ጎማ ስድስት ዓመት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ግን ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ተከፈቱ።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንዱን ጎማ ብቻ አስገጥሞ መሞከር ይቻላል፤ ጨዋ ጎሚስታ እምቢ አይልም። መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ማጠፍ፣ ከዚያ ያንኑ ጎማ ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ አውጥቶ ሞላው ተጨብጦ እያለ እንደገና ማጠፍ ነው። ቆማ ያልነካች መኪና እዚያ ትነካለች። ሊፍት ከተደረገች በኋላ መሪዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚዋልል ከሆነ ጥፋቱን በጎማው ላይ ማሳበብ አይገባም። ሊፍቱ የፊት አክስሉን ትንሽ ስለሚያዞረው መሪው ወደ መሃል የመመለስ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ እሱን ማስተካከል የመካኒክ ሥራ ነው።

ስኮርታውም ከአራቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። አራት ትልቅ ገዝቶ አሮጌውን ትንሽ ጎማ በኋላ በር ላይ ማንጠልጠል የተለመደ ቁጠባ ነው። ኋላ ላይ ሲገባ ግን ግራና ቀኙ የተለያየ ዙር ስለሚዞሩ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድም ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይግላል። አምስት መግዛት ካልተቻለ ትንሽ ቆይቶ መግዛት ይሻላል።

ከተገጠመ በኋላ ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ወዲያ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም ትክክለኛውን አየር መፈለግ ነው። አንድ የቆየ ሾፌር ያሳየኝን እስካሁን እጠቀምበታለሁ። ጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ወፍራም መስመር ይሰመራል፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ተነድቶ ይታያል። መሃሉ ብቻ ከጠፋ አየሩ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ለእኔ ባዶዋን ፊት 35፣ ኋላ 38 ፒኤስአይ ላይ መስመሩ እኩል ጠፋ። ጭነት ስትይዝ የኋላውን 45 አደርገዋለሁ። ቁጥሮቹን በሩ ውስጥ ለጥፌያቸዋለሁ፤ ጠመኔውም እዚያው ኪስ ውስጥ አለ።