አውራው ሲለወጥ

ክላውን ፊሽ የሚባሉት የባሕር ዓሦች በጥንድ ሲኖሩ ገዘፍ የምትለውም የበላይዋም ሴቷ ናት። እርሷ ከሞተች ወንዱ ይገዝፍና ወደ ሴትነት ይለወጣል። ይህን የሰማ ሱብሓነላህ ማለቱ አይቀርም። እኛ ግን ለዛሬ ባሕር ሳንወርድ፣ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን ሲያቀና የሰሜን ተራሮችን ፓርክ በሚያቋርጠው ነባር መንገድ ዳር ሣር ስለሚነጨው ጭላዳ ልናወጋችሁ ወደድን።

ጭላዳ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ወንዱ 18 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ሴቷ 11 ኪሎ ያህል ናት። ጎፈሩን፣ ክራንቻውንና በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ያየ ሰው «አዛዡ እርሱ ነው» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የቤተሰቡ መሠረት እናት፣ ሴት ልጅና እኅትማማቾች ናቸው፤ እነርሱ ከተወለዱበት አይወጡም። ወንዱ ግን ሲጎረምስ ወጥቶ ከወንደላጤዎቹ መንጋ ይቀላቀላል፤ ኋላም የሌላ ቤተሰብ አውራ ታግሎ ለመተካት ይሞክራል። ሴቶቹ ፊት ከነሱት ጉልበት ብቻውን አይበቃውም።

መከራው የሚመጣው አውራው ሲለወጥ ነው። አዲሱ አውራ ጡት የሚጠቡትን ግልገሎች ሊገድል ይችላል፤ እናት ማጥባት ስታቆም ቶሎ ለመፀነስ ትዘጋጃለችና። በዚሁ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጭላዳን የተከታተሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። አውራው ሲለወጥ እርጉዝ ከነበሩት 80 በመቶ ያህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጽንሳቸው ተጨናገፈ። ተወልዶ ለሚገደል ልጅ ስድስት ወር ከመድከም አስቀድሞ መተው ለእናቲቱ ሳይቀል አይቀርም።

የገብስ ማሳውን ከጭላዳ ሲጠብቅ የሚውል ቤተሰብ ድካሙ አይካድም። ሆኖም ማባረር ሌላ፣ አውራውን መግደል ሌላ ነው። አውራው የተገደለበት ቤተሰብ ሌላ ወንድ ሲገባበት ግልገሎቹም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

በትግል የተሸነፈው አውራ ግን ብዙ ጊዜ አይሄድም። እኛን ከሁሉ የገረመን ይህ ነው፤ አውራነቱን ተነጥቆ፣ ለአዲሱ ጭፍራ ሆኖ እዚያው ይቀርና ልጆቹን ይጠብቃል።