ሃይስኩል የጨረሰ ሁሉ ለኮሌጅ ደርሷል?

የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ክፍት ነው፤ የሃይስኩል ዲፕሎማ የያዘ ሁሉ ይገባል። ክርክሩ የሚጀምረው ከገባ በኋላ ነው። ተማሪው የኮሌጁን ሂሳብና እንግሊዝኛ በቀጥታ ይጀምር ወይስ ሃይስኩል ሳለ ሊያውቀው ይገባ የነበረውን መጀመሪያ ይድገም?

ለረጅም ጊዜ ይህን የሚወስነው አኩፕሌሰር ወይም ኮምፓስ የሚባል የመመደቢያ ፈተና ነበር። ብዙው ተማሪ ምን እንደሚያስከትልበት ሳያውቅና ሳይዘጋጅ ይቀመጥበት ነበር። ውጤቱ ዝቅ ካለ ወደ ሪሜዲያል (የማካካሻ ኮርስ) ይላክ ነበር። ሪሜዲያሉ ይከፈልበታል፣ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘውን የፔል ግራንት ዕርዳታም ይበላል፤ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም። በሂሳብ ደግሞ አንድ ኮርስ ብቻ አልነበረም፤ ከኮሌጁ ሂሳብ ሦስት ደረጃና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ የሚጀምር ነበር።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቶማስ ቤይሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በሂሳብ ሦስት ደረጃና ከዚያ በላይ ዝቅ ብለው ከተመደቡት ውስጥ ደረጃዎቹን ሁሉ የጨረሱት 17 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ለእኔ ከዚህ ቁጥር የሚከብደው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ኮርስ ወድቀው ከቀሩት ይልቅ ሳይመዘገቡ የቀሩት ይበዛሉ። ገና የመጀመሪያውን ኮርስ ያልጀመሩ አሉ፤ አንዱን አልፈው ለቀጣዩ ያልተመለሱም አሉ። ሥራ ያለበት፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ቤተሰብ የሚረዳ ተማሪ በሁለት ሴሚስተር መካከል ለመቅረት ምክንያት አያጣም።

በ2012 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጡ ጥናቶች ፈተናውን ራሱን ጠየቁ። ተማሪው ኮሌጅ ላይ እንደሚሳካለት ከፈተናው ይልቅ የሃይስኩል ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) የተሻለ ይጠቁማል አሉ። አያስገርምም፤ ጂፒኤ የአራት ዓመት ትጋት ያሳያል፣ ፈተናው የአንድ ቀን ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛቶች በየተራ ሥርዓቱን አፈረሱት። ፍሎሪዳ በ2013 ሕግ ለአብዛኛው የቅርብ ዓመታት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመራቂ ፈተናውንም ሪሜዲያሉንም የውዴታ አደረገች። ቴነሲ ተማሪው የኮሌጁን ኮርስ ከነድጋፉ በአንድ ሴሚስተር እንዲወስድ አደረገች። የካሊፎርኒያው ኤቢ 705 የተባለ ሕግ በ2017 ሲጸድቅ ኮሌጆች የሃይስኩል ውጤትን እንዲያዩ አስገደደ። ከማስረጃዎቹ ጠንካራው የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ (ኪዩኒ) ሙከራ ይመስለኛል። ለሪሜዲያል አልጀብራ የተመደቡ ተማሪዎች በዕጣ ተከፋፈሉ። በቀጥታ ስታቲስቲክስ ገብተው ሳምንታዊ ድጋፍ ካገኙት 56 በመቶ አለፉ፤ አልጀብራውን ያለ ድጋፍ ከወሰዱት ያለፉት 39 በመቶ ነበሩ።

የኮሌጅ መምህራን ቅሬታ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በቀጥታ ወደ ኮሌጁ ኮርስ የሚገባው ሲበዛ የሚያልፈው ቁጥር ጨምሯል፤ የሚወድቀውም እንዲሁ። ክፍልፋይ መደመር የሚቸግረው ልጅ ሕጉ ስለተለወጠ ብቻ አይችለውም።

የችግሩ ሥር ከኮሌጁ ይርቃል። እንደ ኢትዮጵያው የ12ኛ ክፍል ፈተና አገር አቀፍ መለኪያ በአሜሪካ የለም፤ የዲፕሎማውን መስፈርት ክፍለ ግዛቱና የአካባቢው ትምህርት ቦርድ ያወጡታል። የሚያስተምረውና የሚቀበለው ወገን ምን ሲበቃ እንደሚበቃ ሳይስማሙ ኖረዋል። የሃይስኩሉ ሂሳብ ወደ ካልኩለስ የሚያቀና ነው፤ ነርስ ለመሆን የመጣች ተማሪ ግን የበለጠ የሚያስፈልጋት ስታቲስቲክስ ነው። በ2013 የወጣ የአንድ አገር አቀፍ ተቋም ጥናት እንዲያውም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት በብዛት የሚፈለገው የሚድል ስኩል ሂሳብ መሆኑን፣ እሱንም ብዙዎች አጥብቀው እንዳልያዙት አሳይቷል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ብሉፕሪንት በሚባለው ሕጓ ሌላ መንገድ ይዛለች። የዝግጁነት መስፈርቱን በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ያሟላ ተማሪ ገና ሃይስኩል እያለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ያለ ክፍያ መውሰድ ይችላል። ከአዲስ አበባ 12ኛን ጨርሶ ለመጣው ግን በሃይስኩል ውጤት የመመደቡ አዲስ አሠራር ብዙም አልደረሰውም። ትራንስክሪፕቱ በአሜሪካ ጂፒኤ ስላልተሠራ በብዙ ኮሌጆች ዛሬም የሚጠብቀው ያው የመመደቢያ ፈተና ነው፤ ሂሳቡን ቢችለው እንኳ እንግሊዝኛው ወደ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) ሊልከው ይችላል።