ጨረታው ካበቃ በኋላ

ስሜን አትጠይቁኝ፤ ደብሩንም አልጠራም። አሜሪካ ካሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸው ይብቃችሁ። የሌላ ደብር ገንዘብ ያዦች ስናገኝም ወሬያችን ያው ነው።

ከዓመቱ ንግሥ ልጀምር። ቅዳሴው አልቆ ጸበል ጸዲቁ ሲቀማመስ አስተባባሪው ማይክ ይይዛል። ሥዕለ አድኅኖ ይወጣል፣ ጃንጥላ ይወጣል፣ አንዳንዴ ድፎ ዳቦም ለጨረታ ይቀርባል። «አምስት ሺህ ዶላር! ስድስት የሚል?» እልልታው ይቀልጣል። ማታ የሚታወጀው ድምር ታዲያ ቃል የተገባው እንጂ እጅ የገባው አይደለም። በማግስቱ ስልክ ይዞ «ጋሼ፣ ያቺን ነገር…» እያለ የሚለማመጠው ገንዘብ ያዡ ነው። አንዱ ወዲያው በዜል ይልካል፣ ሌላው «እስከ ፋሲካ ታገሡኝ» ይላል፣ ሦስተኛው ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል። የምእመኑ ጆሮ ላይ የቀረው ግን ትልቁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ዓመቱ ሲዞር «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» ይባላል። እኔ ካየሁት ጠብ ብዙው የተነሣው ከሌብነት ሳይሆን ከዚህ ልዩነት ነው። ሌብነት የለም ማለቴ ግን አይደለም።

የገባውን ደግሞ ሕንጻው ይበላዋል። ፕሮቴስታንቶች የለቀቁትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መጋዘን እንገዛለን፤ ከዚያ ወር በወር ሞርጌጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የፓርኪንግ ጥገና። ቀጥሎ የካህናት ደመወዝ ይመጣል። ከአገር ቤት ለጉባኤ የሚጋበዙ ሰባክያንና ዘማርያን አሉ፤ የአውሮፕላኑ ትኬት በመዝገብ ይታያል፣ በመጨረሻው ቀን የምትሰጠዋ ፖስታ ግን ሁልጊዜ አትታይም። የአሜሪካ ሕግም አያስጨንቀንም፤ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሌሎቹ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ዓመታዊ የገንዘብ ሪፖርት ለግብር መሥሪያ ቤቱ የማቅረብ ግዴታ የለባትም። መዝገቡ የሚታየው ምእመኑ ከጠየቀ ብቻ ነው።

ሌላም አለ፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ሕንጻው በማን ስም ነው? ሲኖዶሱ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ በተከፈለባቸው ዓመታት ብዙ ደብር «ገለልተኛ» ሆኖ በቦርድ ተመዘገበ። በ2010 ዓ.ም. እርቁ ወርዶ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ሲገቡ ሁላችንም አለቀስን። ቦርዶቹ ግን የቤቱን ሰነድ ለሀገረ ስብከት ለማስረከብ አልተጣደፉም። ሃያ ዓመት ሞርጌጅ የከፈለን ሰው «አስረክብ» ማለት ቀላል አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ ደግሞ የሚያውቀው በሀገረ ስብከት ሥር ያለ ሰበካ ጉባኤን ነው። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ነገሩ የማያልቀው።

አሁን «ዓለም አቀፍ አገልግሎታችን ሰፋ» ወደሚባለው ልምጣ። ሰፍቷል፣ አልክድም፤ ከዋሽንግተን እስከ ገልፍ አገሮች ቅዳሴ አለ። ግን ስደተኛው ቀድሞ ሄደ፣ ታቦቱ ተከተለው። በኋላ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት አቡነ ይስሐቅ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጃማይካ ሲላኩ እዚያ የሚጠብቃቸው የሐበሻ ማኅበር አልነበረም፤ ራስ ተፈሪያውያንን አስተምረው አጠመቁ፣ በ1980 ቦብ ማርሌይን አጠመቁት። ያን ጊዜ የተጀመረው ሥራ ዛሬም በካሪቢያን ይቀጥላል። በእኛ ደብር በጀት ውስጥ ግን ለእንዲህ ያለ ስብከት የተመደበ አንድም መስመር አይቼ አላውቅም። እዚህ ተወልደው አማርኛ ለማይሰሙ ልጆቻችን የእንግሊዝኛ መምህር እንቅጠር ስንል እንኳ መልሱ «ሞርጌጁ ይለቅ» ነው። የሚገርመው፣ ለአዲስ ምንጣፍ ሲሆን ገንዘብ ይገኛል።

እንግዲህ ዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ምሳውን በልታችሁ አትውጡ። ሪፖርቱ ሲነበብ እጃችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቃል ከተገባው ስንቱ ገባ? ሰነዱ በማን ስም ነው? ለልጆቹ ስንት ተመደበ? ገንዘብ ያዡን ደግሞ አትቆጡት፤ በጨረታ የገባችሁትን ክፈሉት።