የምግብ ደንን በችግኙ መለካት፦ ከጌዴኦ የእንሰት ጓሮ የምናገኘው ትምህርት



የዛሬው ገለጻዬ በአነስተኛ ይዞታ ላይ ስለሚለማ የምግብ ደን ነው። የምግብ ደን ስል የደንን አደረጃጀት የያዘ፣ ሆኖም አብዛኛው ተክሉ ለምግብ ወይም ምግብ ለሚሰጡት ተክሎች አገልግሎት እንዲውል ታስቦ የተተከለ ማሳ ማለቴ ነው። ፐርማካልቸር የሚለውን ስያሜ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን በ1978 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ባሳተሙት መጽሐፍ አስተዋወቁ። ከዚያም እንግሊዛዊው ሮበርት ሃርት በሽሮፕሽየር ገጠር በነበረው ትንሽ ይዞታ ላይ የምግብ ደን አልምቶ ተክሎቹን በሰባት ደርብ ከፈላቸው፦ ረጃጅም ዛፎች፣ አጫጭር ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎች፣ ቅጠላ ቅጠሎች፣ መሬት ለበስ ተክሎች፣ ሥራ ሥሮችና ሐረጎች። ሃርት አርአያ ካደረጋቸው መካከል የሕንዷ የኬረላ ግዛት የጓሮ እርሻዎች ይገኙበታል።

ለኛ ግን ምሳሌው ቅርብ ነው። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ተዳፋት በበዛበት መሬት ላይ የሚኖሩት የጌዴኦ አርሶ አደሮች እንሰትን፣ ቡናንና ነባር ዛፎችን አዋሕደው ኖረዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። አካባቢው በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር ሥፍራዎች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ደንና ብዙ ሕዝብ በአንድ ተዳፋት ላይ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደቻሉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመልሱ አንዱ ክፍል በደርቦቹ ውስጥ ይታያል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳናና ሾላ ጥላ ይሰጣሉ። ብርብራ ከባቄላ ወገን በመሆኑ በሥሩ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጋር ናይትሮጂንን ለአፈሩ ያበረክታል፤ የሚረግፈው ቅጠልም መሬቱን ያለብሳል። ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ቡና፣ ዝቅ ብሎ ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ዱባና ጎደሬ ይበቅላሉ፤ ቦዬም ሐረጉን በዛፍ ላይ ያወጣል። ዝናብ በኃይል ሲወርድ የመጀመሪያውን ምት የሚቀበሉት ቅጠሎቹ ናቸው፤ አፈሩ ከተዳፋቱ ላይ ሳይታጠብ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ደርቦቹን መዘርዘር ብቻውን የምግብ ደንን አያስረዳንም። በዓይን የማይታይ ሌላ ደርብ አለ፤ እርሱም የዕድሜ ደርብ ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ ከፍታው፣ እንደ አፈሩና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚነቀለው ከማበቡ በፊት ወይም ማበብ ሲጀምር ነው። ስለሆነም በየዓመቱ ለመብላት በየዓመቱ መትከል ግድ ይላል።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቤተሰብ በዓመት 15 እንሰት ያስፈልገዋል፣ ተክሉም በ6 ዓመት ይደርሳል እንበል። ጓሮው በስድስት የዕድሜ ክፍል የተከፋፈሉ 90 እንሰቶችን ዘወትር መያዝ አለበት። በየዓመቱ 15 ይነቀላሉ፤ 15 ይተከላሉ። አሁን ቤተሰቡ የቡና ዋጋ ስላማረው በተነቀለው እንሰት ቦታ ሁሉ ቡና ብቻ መትከል ጀመረ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 15 እንሰት ይነቀላል፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ቆጮው አልጎደለም፤ ቡናውም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ፍሬ መስጠት ስለሚጀምር ገቢው ጨምሯል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ጓሮው የበለጸገ ይመስላል። በሰባተኛው ዓመት ግን የሚነቀል እንሰት የለም። በዚያን ዓመት የቡና ዋጋ ቢወድቅ ወይም በሽታ ቢገባ፣ ቤተሰቡ ስህተቱን በአንድ ክረምት ሊያርመው አይችልም፤ ዛሬ የተተከለ ችግኝ ለምግብ የሚደርሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነውና።

መሬት ለልጆች ሲከፋፈልም ስሌቱ ይለወጣል። ያ ጓሮ ለሁለት ወንድማማቾች ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው 45 እንሰት ይደርሳል፤ ይህም በዓመት ከሰባት ወይም ከስምንት እንሰት የማይበልጥ ነው። የጎደለውን ለመሸፈን ያልደረሰውን መንቀል ይጀመራል፤ ያልደረሰው ሲነቀል ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ይሳሳል። በተለያዩ የደቡብ አካባቢዎች እንሰት ለጫትና ለባሕር ዛፍ ቦታውን ሲለቅ ስናይ፣ እየተለወጠ ያለው የተክል ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ልብ እንበል። የሚጠፋው ለክፉ ቀን የተቀመጠው የዓመታት ስንቅ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለተመራማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ አለ። የምግብ ደንን ጤንነት በዓመታዊ ምርቱ ብቻ መለካት አሳሳች ነው፤ ምርቱ ያለፉትን ዓመታት ትጋት እንጂ የመጪዎቹን አያሳይም። በመጠይቆቻችን ውስጥ «ዘንድሮ ስንት ነቀላችሁ?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «ዘንድሮ ስንት ተከላችሁ? በየዕድሜው ስንት ቀረ?» የሚሉት ሊገቡ ይገባል። መልሱን በይበልጥ የሚያውቁት እንሰቱን የሚፍቁት ሴቶች ናቸውና ጥያቄው ለእነርሱም ይቅረብ።

አዲስ የምግብ ደን ለመመሥረት ለምታስቡ ተማሪዎችም ቅደም ተከተሉ ከዚሁ ይፈልቃል። በመጀመሪያ የውኃውን አወራረድ አጥንታችሁ እርከኑን ሥሩ፤ እንደ ብርብራ ያሉትን የጥላ ዛፎችም ትከሉ። ጥላው እስኪወጣ ድረስ ፀሐይ የሚወዱት ቦሎቄና ጎመን መሬቱን ይሸፍኑ። እንሰቱን ፍግ በቀላሉ በሚደርስበት በቤት አቅራቢያ አድርጉ። ችግኙ የሚገኘው ከአሚቾው ነው፤ እምብርቱ ወጥቶ ከፍግ ጋር ሲቀበር በርካታ ቡቃያዎች ይሰጣል። ሁሉንም በአንድ ዓመት አትትከሉ፤ በየዓመቱ የተመጣጠነ ቁጥር ይጨመር። ቡናው ጥላው ከተዘረጋ በኋላ ይግባ። እንደ አቮካዶ ያሉ ጥላቸው የሚከብድ ፍሬዎች ወደ ዳር ይሁኑ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1968 በአገራችን በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ የታመመ ተክል በመድኃኒት አይድንም። በቢላዋና በሌሎች መሣሪያዎች ስለሚተላለፍ መሣሪያን በእሳት ማንደድ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ችግኝን ከጤናማ ጓሮ ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ በሽታ ወደ ጓሮ ሲገባ ዕድሜ ሳይለይ ስለሚያጠቃ የስድስቱን ዓመት ስንቅ በአንድነት ሊያሳጣ ይችላል።

በቅርስ መዝገብ መስፈር ክብር ነው፤ ሆኖም መዝገቡ ችግኝ አይተክልም። የጌዴኦን ጓሮ እስከ ዛሬ ያቆየው፣ ራሱ ከሚበላው በላይ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚበላውን እያሰበ በየዓመቱ የሚተክለው ቤተሰብ ነው። ያ ቤተሰብ መሬቱ እየጠበበ፣ ገበያውም እየጎተተው ሳለ መትከሉን እንዲቀጥል ምን ዓይነት ድጋፍ ያሻዋል? ቀሪውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ላይ እንድንወያይ እጋብዛለሁ።