«እሺ» ከማለታችን በፊት፦ አዲሱ አፕት 3.0

የግዕዝ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባሉትን የሊኑክስ ሲስተሞች ለሚጠቀም ሰው መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ተርሚናል ከፍቶ «ሱዱ አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍ። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት ወርዶ ይጫናል፣ ሳጥኖቹም ፊደል ይሆናሉ። ይህን ሥራ የሚሠራው አፕት የተባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ ነው። በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) 3.0 የተባለው ስሪቱ ወጥቷል፤ እኔ በዋናነት ላወራ የምፈልገው ስለ አንድ ባሕርዩ ነው፦ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለሰው የሚያሳይበት መንገድ።

ፓኬጅ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የስልክ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በሊኑክስ ዓለም ግን ፓኬጅ ማለት የአንድ ሶፍትዌር ፋይሎች በሙሉ ከነመረጃቸው ተጠቅልለው የተቀመጡበት እሽግ ነው። የዴቢያን እሽግ ሁለት ዋና ክፍል አለው፤ በአንዱ ፋይሎቹ ራሳቸው፣ በሌላው ደግሞ ስሙ፣ ስሪቱና «ያለ እነዚህ አልሠራም» የሚላቸው የሌሎች ፓኬጆች ዝርዝር። ጣጣው ያለው በዚህ ዝርዝር ላይ ነው። ጠላ ሊጠምቅ የተነሳ ሰው ገብስ ብቻ ገዝቶ አይመለስም፤ ብቅሉም፣ ጌሾውም፣ ጋኑም አለ። ሶፍትዌርም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራውም ሌላ ይጠራል። አንዳንዱ ደግሞ ከሌላው ጋር አብሮ መኖር አይችልም።

ዴቢያንን በ1993 የመሠረቱት ኢያን መርዶክ ናቸው፤ ስሙም ዴብራ ከሚለው የያኔ ፍቅረኛቸው ስምና ከራሳቸው ስም የተገጣጠመ ነው። መጀመሪያ የነበረው ዲፓኬጅ የሚባለው መሣሪያ የተሰጠውን እሽግ ይጭናል እንጂ የጎደለውን ፈልጎ አያመጣም። «ይህ ይጎድላል» ብሎ ያቆማል፤ ፍለጋው የባለቤቱ ነው። አፕት ይህን ፍለጋ ከሰው ትከሻ ላይ ያነሳ መሣሪያ ሲሆን፣ በ1999 ከወጣው ዴቢያን 2.1 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቷል። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ 69,830 ፓኬጆች አሉት። ይህን ሁሉ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ በእጅ ማጣራት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ሰው መሣሪያውን ያምናል። አፕት የተጠየቀውን ብቻ የሚጭን ከሆነ ሳያስቸግር ይቀጥላል፤ ሌላ ነገር የሚጨምር ወይም የሚያነሳ ከሆነ ግን ቆሞ ይጠይቃል። ችግሩ ሰው ከልምድ የተነሳ ሳያነብ «እሺ» ማለቱ ነው። በ2021 በዩቲዩብ የሚታወቁት ካናዳዊው ሊነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በሚባል የሊኑክስ ስርጭት ላይ ስቲም የተባለውን የጌም ፕሮግራም ሊጭኑ ሲሞክሩ ይህ በካሜራ ፊት ደረሰ። በፓኬጆቹ ላይ ስህተት ስለነበረ፣ አፕት ስቲምን ለመጫን ዴስክቶፑን በሙሉ ማንሳት እንዳለበት ቆጠረ። ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ለመቀጠልም «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ» የሚል ትርጉም ያለውን ሐረግ አስጽፏል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ጥቅጥቅ ባለ የፓኬጅ ስም መሐል ተውጦ ነበር። ሰውየው ሐረጉን ጻፉ፤ ዴስክቶፑም ሄደ። ብዙ ሰው በእሳቸው ላይ ፈረደ። እኔ ግን በቀይ መጻፍ የነበረበትን ነገር ከሌላው ጋር በአንድ ቀለም ደርድሮ ያቀረበ ስክሪን ይበልጥ ተጠያቂ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ አፕት ያ ሐረግ ብቻ በቂ እንዳይሆን ተደርጓል፤ ለሲስተሙ የግድ የሚያስፈልግን ፓኬጅ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ይህንኑ በትእዛዙ ውስጥ አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ አለበት።

3.0ን የከፈተ ሰው ለውጡን ወዲያው ያየዋል። ድሮ በአንቀጽ መልክ ተጨናንቆ ይመጣ የነበረው የስም ክምር አሁን በዓምድ በዓምድ ተደርድሯል። የሚጫነው በአረንጓዴ፣ የሚነሳው በቀይ ይጻፋል፤ የሚነሳውም ከሁሉ በታች ስለሚቀመጥ ዓይን ወደ ጥያቄው ሲወርድ እሱን ሳያይ አያልፍም። ከሥሩ አጭር ማጠቃለያ አለ፦ ስንት ይሻሻላል፣ ስንት ይጫናል፣ ስንት ይነሳል። ቀጥሎ የሚወርደው መጠን፣ ቀጥሎም የሚወስደው ቦታ በዲስኩ ላይ ከቀረው ቦታ ጎን ለጎን። በጊጋባይት ተመትሮ በሚገዛ ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው የሚወርደውን መጠን የምትነግረው መስመር ከቀለሙ ሁሉ ትበልጥበታለች።

ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ለውጥ ደግሞ የፓኬጆቹን እንቆቅልሽ የሚፈታው ክፍል ነው። አዲሱ ፈቺ አንድ ምርጫ ይዞ ይሄዳል፤ የማያስኬድ ግጭት ሲገጥመው ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ባለቤቱ ራሱ አዝዞ ያስጫነውን ፓኬጅ «ይህ ይነሳልኝ» ብሎ አለማቅረቡ ነው። በ3.0 ላይ ይህን ፈቺ «ሶልቨር 3.0» በሚለው አማራጭ መጥራት ይቻላል።

ሌሎችም አሉ። የዴቢያን የፓኬጅ ማከማቻ ፊርማ አሁን የሚጣራው ሴኮያ በተባለ፣ በራስት የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ መሣሪያ ነው። «አፕት ሞደርናይዝ-ሶርስስ» የተባለው አዲስ ትእዛዝ ፓኬጅ ከየት እንደሚመጣ የሚዘረዝረውን የድሮ ፋይል ለማንበብ ወደሚቀለው አዲስ አጻጻፍ ይለውጣል። ረጅም ዝርዝርም እንደ ድሮው ሽው ብሎ አያልፍም፤ ገጽ በገጽ ይታያል። ከ3.0 በኋላ በመጡት የ3.1 ስሪቶች ደግሞ የተሠራውን ሁሉ በቅደም ተከተል የሚያሳይና የተደረገውን ለመመለስ የሚያስችል «ሂስትሪ» የሚባል የትእዛዝ ቤተሰብ ተጨምሯል።

የ3.0 ተከታታይ ስሪት መታሰቢያነቱ ለስቲቭ ላንጋሴክ ነው። ለዴቢያንና ለኡቡንቱ ለረጅም ዓመታት የሠሩት ላንጋሴክ ስሪቱ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2025 መግቢያ ላይ አርፈዋል።

ዴቢያን 13 ወይም ኡቡንቱ 25.04 ያለው ሰው አዲሱን ገጽታ ምንም ሳይነካ ማየት ይችላል። በማንኛውም የመጫኛ ወይም የማንሻ ትእዛዝ ላይ «ሲሙሌት» የሚለውን አማራጭ ሲጨምር አፕት የሚያደርገውን ሁሉ በዝርዝር ያሳያል፤ አንድ ፋይል ግን አያወርድም፣ አያነሳም። መጀመሪያ በአንድ ትልቅ ፓኬጅ ማንሻ ላይ ይሞከር፤ ቀዩ እስከ የት እንደሚወርድ የሚታየው እዚያ ነው።