ሞተሩ ተነሣ ማለት መኪናው ተዘጋጀ ማለት አይደለም
ከክረምት በኋላ አሮጌ ቮልስን ለመንገድ ስለማብቃት

መስከረም ሲጠባ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ሁሉም ነገር ይነሣሣል። ዋልካው አፈር መጠንከር ይጀምራል፣ አደይ አበባ መስኩን ያለብሰዋል፣ በጭቃና በጎርፍ ምክንያት ተቋርጦ የነበረው የዘመድ ጥየቃም ይቀጥላል። አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ያቆማትን መኪና ያስታውሳል። ባትሪ ተውሶ፣ ልጆችን አስገፍቶ ሞተሯን ያስነሣል። ሞተሩ ሲነሣ ቤተሰቡ ይደሰታል። አደጋውም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሞተር ተነሣ ማለት መኪና ተዘጋጀ ማለት አይደለምና።

ይህን የምንለው በራሳችን ቤት ደርሶ ስላየነው ነው።

በ1995 ዓ.ም. መስከረም ወር ትልቋ እኅታችን ሞጣ ላይ የበኩር ልጇን ወለደች። እኛ የምንኖረው ቢቸና ሲሆን አባታችን በከተማው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች አንዲት ቮልስም ነበረቻቸው። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ቆማ ስለነበር ባትሪዋን አስሞልተው አስነሧት። እናታችን የገንፎ ዱቄቱንና የቅቤውን ቅል እግራቸው ሥር አድርገው ከፊት ተቀመጡ፤ እኛ ልጆቹ ከኋላ ተሳፈርን። ጉዞው በደብረ ወርቅ በኩል ነበር። መንገዱ በዚያ ዘመን ጠጠር ነው።

ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ ቁልቁለት ስንጀምር አባታችን ፍሬን ረገጡ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግመው ረገጡ፤ ምንም የለም። ከፊታችን የተጫኑ አህዮች የሚነዳ አንድ ልጅ መሐል መንገድ ላይ ይሄዳል። አባታችን ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ አወረዱ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ መኪናዋንም በቀኝ በኩል ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር አስጠጓት። ፓራፋንጎው እየተፋቀ ሄዶ ከአህዮቹ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀር ቆምን። ልጁ ዞር ብሎ አየን፤ ምን እንደተረፈ አላወቀም። አህዮቹን እየነዳ ሄደ።

አባታችን «አልሐምዱሊላህ» ብለው ለረጅም ጊዜ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያም ወደ እናታችን ሳይዞሩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ፔዳሉ እንደላላ ከትናንት በስቲያ አውቄ ነበር። ስንደርስ አሠራዋለሁ ብዬ ተውኩት» አሉ። እናታችን መልስ አልሰጡም። የፈሰሰውን ቅቤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

በተከታዩ ዓመት መስከረም አባታችን ሞተሩን ከማስነሣታቸው በፊት አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስጠሩ። ሽማግሌው ቁልፍ አልጠየቁም። በመጀመሪያ እጃቸውን በየጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ አሳልፈው ጣታቸውን አሸተቱ። «ሐጂ፣ የፍሬን ዘይት እያለቀሰች ነው» አሉ። አባታችን ለነገ ጉዞ እንዳሰቡ ቢነግሯቸው፣ «ልጆቹን ይዘው ነው?» ብለው ጠየቁ። አዎን ሲባሉ፣ «እንግዲያው ነገ አይሆንም፤ ጎሚኒው ከደብረ ማርቆስ ይምጣ» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። እናታችን ቅር አላቸው፤ ሞጣ የሚጠብቃቸው የልጅ ልጅ ነበርና። አባታችን ግን «እንጠብቃለን» አሉ። አራት ቀን ጠበቅን። በእነዚያ አራት ቀናት ከሽማግሌው የተማርነውን፣ በኋላም አንብበን ያረጋገጥነውን እነሆ ለአንባብያን እናካፍላለን።

በመጀመሪያ ፍሬን

የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ይህ መጠን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል እርጥብ የሆነው ዘይት ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ፔዳሉ የሚሰምጠውም ለዚህ ነው። እርጥበቱ በዚህ ብቻ ሳይወሰን በየጎማው ያለውን ትንሹን የፍሬን ፖምፓ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ጎሚኒውን ይበላዋል።

የእኛዋን በመሰሉ ቮልሶች ላይ ጉዳዩ ይብሳል። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ካፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ፤ የሚቀረው ወደ ኋላ ጎማዎች በሽቦ የሚሄደው የእጅ ፍሬን ነው። ስለዚህ ታምቡሮቹን አስከፍቶ ሸራውን ማየት፣ ጎሚኒውን መቀየር፣ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መለወጥና አየሩን ማስወጣት ይገባል። የእጅ ፍሬኑም ዳገት ላይ ቆሞ ይፈተን።

ቀይዋ መብራት

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን ቬንትሌተር የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ትበራለች። ብዙ ሰው «ባትሪ አልሞላ ብሎ ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መብራቷ የምትናገረው ስለ ባትሪ ብቻ ሳይሆን ቬንትሌተሩም ቆሞ ሊሆን እንደሚችል ጭምር ነው። ወዲያው ካልቆሙ ሞተሩ ይቃጠላል። መለዋወጫ ቺንጊያና መፍቻ ከመኪናዋ አይለዩ።

ሽማግሌው የሞተሩን መሸፈኛ ሲከፍቱ ከነፋስ መግቢያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ አወጡ፤ የጤፍ ጭድና የጨርቅ ብጣሽ ነው። እኛ ሣቅን፤ እሳቸው አልሣቁም። ነፋስ የተዘጋበት ሲሊንደር ቺንጊያ እንደተበጠሰበት ያህል ይግላል።

ዘይቱም ይለወጥ። የሞተሩ ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ይህም ወጥቶ ይታጠብ። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ የኋለኛው ዘመን ሞተሮች ልኩ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው።

ከኋላ ወንበር ሥር

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳኑ ከጠፋ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ብልጭታ ይፈጠርና ወንበሩ ይቀጣጠላል። ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል። የባትሪው አሲድም ሥሩ ያለውን ወለል ይበላል። ምንጣፉን አንሥቶ በጠመንጃ መፍቻ መታ መታ በማድረግ የዛገውን ማወቅ ይቻላል። በፓራፋንጎ ውስጥ የተጋገረው ዋልካም በደንብ ይታጠብ። ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።

ቤንዚን

ሦስት ወር የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍሉ ይተንንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ካርቡራተር ውስጥ ይተዋል። ሽታው ከተለወጠ አፍስሶ አዲስ መሙላት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹ ይታዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል። የቮልስ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል። የቱቦ ዋጋ ከመኪና ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

የደጋው ከፍታ

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድሮ ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ስለዚህ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ነዳጅም ይባክናል። ያወቀ መካኒክ አነስ ያለ ጅግለር በማስገባት ያስተካክለዋል። ራዲያተር ያላቸው መኪኖች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ግፊት የሚይዘው የራዲያተር ክዳን የላላ መሆን የለበትም።

ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ደግሞ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፤ ጥልቀቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የሚሠራው ሕግ ቀላል ነው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ይሁን፤ ፍሬኑ ይረፍ።

ጎማ

የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ክብደቷም ከኋላ ነው። በመሆኑም የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ያነሰ ነፋስ ይሞላሉ። አራቱንም እኩል የሚሞላ ጎሚስታ ቢያጋጥም በጨዋነት ማረም ያስፈልጋል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ዕድሜው ይታይ። በጎኑ ላይ ከታተሙት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ለምሳሌ 3518 የሚለው እ.ኤ.አ. በ2018 ዓመት 35ኛ ሳምንት ማለት ነው። ስኮርታውም አይረሳ።

ለምን እንደክማለን?

አንዳንዱ «ለአሮጌ ብረት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ይህች ቅርፅ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን የማስገባት ወጪ አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለሆነም በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ትኖራለች። አሮጌ መሆኗ ኃላፊነታችንን አይቀንሰውም፤ ይጨምረዋል እንጂ።

በ1996 ዓ.ም. ጎሚኒው መጥቶ ከተገጠመ በኋላ አባታችን ወዲያው ወደ ሞጣ አልነዱም። በመጀመሪያ ብቻቸውን ከከተማ ወጣ ብለው አሥር ጊዜ ያህል ፍሬን እየረገጡ ሞከሩ። ተመልሰው ሁሉንም ጎማዎች በእጃቸው ዳሰሱ፤ እርጥበት የለም። በማግስቱ ተሳፈርን።

ያ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ አባታችን ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረዱና በዝግታ ወረድን። ያን ዕለት በመንገዱ ላይ አህያም ሰውም አልነበረም። አባታችን ግን ፍሬኑን ረገጥ አድርገው መኪናዋን አቆሟት። «የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም» አሉ። ከዚያም ማርሽ አስገብተው ጉዟችንን ቀጠልን።

ውድ አንባብያን፣ ዘንድሮም ክረምቱ ወጥቶ መኪናችሁን ከጥላ ስታወጡ፣ ከቁልፉ በፊት እጃችሁን ወደ ጎማው ውስጠኛ ገጽ ስደዱ። ጣታችሁ እርጥብ ሆኖ ከተመለሰ ዘመድ ይጠብቅ። አራት ቀን የጠበቀ ዘመድ ይቀየም ይሆናል፤ ቅያሜው ግን በአንድ ፍንጃል ቡና ይፈታል።