የማን ልጅ ነህ? የመንዝ ተዝካርና የዘመድ ቆጠራ

በመንዝ ተዝካር ላይ ወደ ዳሱ የገባ ወጣት ገና ሳይቀመጥ ጥያቄ ይጠብቀዋል። «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ አንድ አባት። የአባቱን ስም ይነግራቸዋል። «እሱንማ አውቀዋለሁ፤ አያትህን ነው።» አያቱንም ይነግራቸዋል። «በእናትህ በኩልስ?» እዚህ ላይ ከተማ ያደገ ልጅ ይደናገራል። ሽማግሌው ግን ራሳቸው ይቀጥሉለታል። ከቅድመ አያት ወደ ቅም አያት፣ ከዚያም ወደ ምንጅላት እየወጡ ይቆጥራሉ። የሁለታቸውም የሆነ አንድ ሟች ላይ ሲደርሱ «እንግዲያማ ልጄ ነህ፣ ና ወዲህ!» ብለው አጠገባቸው ያስቀምጡታል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገበሬ ሙታኑን እንዲህ አጥብቆ የሚቆጥረው ሐዘን ስለሚወድ አይደለም። ቆጠራው መሬት ነበረበት። በአጽመ ርስት ሥርዓት አንድ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ካስረዳ ከዚያ መሬት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። መወለዱ በአባትም በእናትም ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ ሴት አያቶች ከቆጠራው አይወጡም ነበር። አንድ ገበሬ በአራቱም አያቶቹ በኩል የተለያየ ቦታ ርስት ሊኖረው፣ በዚያው ልክም ከብዙ የሩቅ ዘመድ ጋር ሊሟገት ይችል ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። የሙት ስም የሚያውቅ ሽማግሌ በዳኛ ፊት ትልቅ ምስክር ነበር።

መንዝ ራሱ በአባቶች ስም የተከፈለ አገር ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎች በአገሬው ትውፊት ማማ፣ ላሎና ጌራ ከተባሉ ሦስት ሰዎች ስማቸውን ያገኙ ናቸው። የሸዋ ነገሥታትም ዘራቸውን የሚቆጥሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ከተነሳው ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። 

የሙታን ስም ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ግን እዚሁ መንዝ ያለውን ጓሳን የመሰለ ማስረጃ የለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ይህ ሜዳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ነው። ጣራ የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ የዝናብ ገሳ የሚሠራበት የጓሳ ሣርም የሚበቅለው እዚያ ነው። ሜዳውን ሣር እንዲበቅልበት የከለሉት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ናቸው ይባላል። ማጨድና ማሰማራት የሚፈቀደው ለእነሱ ተወላጆች ብቻ ነበር። ተወላጆቹ አለቃ መርጠው ቦታውን ለዓመታት ይዘጉት፣ ተራ ገብተው ይጠብቁት፣ ሣሩ ሲደርስ አብረው ይከፍቱት ነበር። በብዙ ደጋ አገር ሣሩና ዱሩ ሲያልቅ ጓሳ ለዛሬ የደረሰው ብዙ ትውልድ የሞቱ አባቶችን ስም ስላከበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። የጓሳም የቀድሞ አጠባበቅ በዚያው ፈረሰ። ቆጠራው ግን ተዝካር ላይ ቀጠለ።

ተዝካር የቀን ሥርዓት አለው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ አቅም ያለው ሰባት ዓመቱንም ያወጣል። በአብዛኛው ትልቁ ድግስ የአርባው ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ሲደረስ ሟቹ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ጎረቤት ዕድሜ ልኩን ሲጠራበት የኖረው ስም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ካህኑ ሲጠይቁ ቤተሰቡ ሟቿ ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሚካኤል ማወቅ አለበት። ካላወቀ የንስሐ አባት ይፈለጋሉ፤ እሳቸውም ካረፉ ክርስትና ያነሳች አሮጊት ትጠየቃለች። ለዚህ ጉዳይ ሲባል ወንዝ ማዶ ሰው የሚላክበት ጊዜ አለ።

ድግሱ ደግሞ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ገብሱ ሳምንታት ቀድሞ በቅሎ ጠላው ይጠነሰሳል። የጎረቤት ሴቶች ዱቄቱን ተካፍለው ይጋግራሉ፤ ዘመድ እንደ ቅርበቱ በግ፣ እህል ወይም እንጀራ በመሶብ ይዞ ይመጣል። ማን ምን ይዞ መጣ የሚለውን ሁሉም ያስታውሳል፤ በእሱም ቤት ሞት ሲገባ ይመለስለታል። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ወጡ የጾም ይሆናል። ካህናቱና ነዳያኑ ሳይበሉ ዘመድ አይቀርብም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቁም ተዝካር ነው። ልጅ ያልወለደ፣ ወይም ልጆቹ ርቀው የሄዱበት ሰው ጧሪ ቀባሪ እንደሌለው ሲያውቅ በሕይወት እያለ ካህናት ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ የራሱን ተዝካር ያወጣል። እንግዶቹ ባለተዝካሩን ፊት ለፊት እያዩ ይበላሉ። ልጅ ያለውም ቢሆን ርስቱን የሚወርሰው ቀብሮ ተዝካር የሚያወጣው ነው የሚል ልማድ ስለነበር አንዳንዱ ሽማግሌ ከሩቅ ዘመድ ልጅ አምጥቶ ያሳድግ ነበር።

ዛሬ ድግሱ አንሷል፤ ባለዕዳ ሆኖ ከመቅረት ለነዳያን ትንሽ ዘክሮ ማለፍ ይሻላል የሚሉ ካህናትም አሉ፤ ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ያለው የመንዝ ልጅ መርዶውን በስልክ ሰምቶ ለሙት ዓመቱ ብቻ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ይወርዳል። ቆጠራው እስካሁን ሳይላላ የቆየበት ጉዳይ ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ስለማይጋቡ ሽማግሌዎች ከእጮኝነቱ በፊት ሁለቱንም ወገን ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት አባቶች እያለቁ ስለሆነ ስሙን በደብተር መጻፍ የጀመሩ ቤተሰቦች አሉ። ደብተሩ ላይ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ ሟቹ ያረፈበት ደብርና ዕለቱ ይሰፍራል። ብዙዎቹ ግን የሚጽፉት የአባትን ወገን ብቻ ነው፤ የእናት ወገን ካልተጻፈ ግማሹ ዘመድ ይቀራል፤ ሰባት ቤቱም አይሞላም።